የጤና መድን ደብተራችን በሐዋሳ፦ ከአንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ የተሰጠ አስተያየት

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆንን አንድ ዓመት ሞላን። የእድሳቱ ጊዜ በመድረሱ ሰሞኑን ጎረቤቱም የሥራ ወዳጁም «ለመሆኑ ያዋጣል ወይ?» እያለ ስለሚጠይቀኝ፣ ለእያንዳንዱ መንገድ ላይ ቆሜ ከምመልስ አንድ ጊዜ ጽፌ ባስቀምጠው ይሻላል አልኩ። አጭሩ መልሴ ያዋጣል የሚል ነው። ረጅሙ መልስ ግን መዋጮው የሸፈነልንንና ያልሸፈነልንን በመቁጠር አያበቃም፤ ያልተሸፈነው ለምን እንዳልተሸፈነና ይህን መጠየቅ የነበረበት ማን እንደሆነ ካልተነሳ አስተያየቱ ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ሥራዬ ለትናንሽ ሱቆችና ለአንድ የእህል መጋዘን የሒሳብ መዝገብ መያዝ ነው። ቋሚ ቀጣሪ ስለሌለኝ መድኑ ከታሰበላቸው፣ ማለትም ከመደበኛው ቅጥር ውጪ ከሚተዳደሩት ወገን ነኝ። (ለተቀጣሪዎች የታሰበው ማህበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ከታወጀ ብዙ ዓመት ቢሆነውም ሳይጀመር መቆየቱን አንዳንድ ተቀጣሪ ወዳጆቼ ያወቁት እኔ ስነግራቸው ነው።) አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር በአንድ መዋጮ ይገባሉ፣ ለአካለ መጠን ለደረሰ ሌላ የቤተሰብ አባል ደግሞ ተጨማሪ ይከፈላል። እኛ ቤት ተጨማሪ የተከፈለው ለአክስቴ ነው። እውነቱን ለመናገር ደብተሩን ያወጣነውም በእሳቸው ምክንያት ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አብረው ስለያዟቸው በየወሩ ገደማ መታየት አለባቸው።

ምዝገባው ብዙ የሚወራለት አይደለም፤ ቀበሌ ሄዶ ፎቶግራፍና መታወቂያ ማቅረብ፣ ከፍሎ ደረሰኝ መቀበል፣ ደብተሩ እስኪደርስ መታገስ ነው። ያስቸገረን ሌላ ነገር ነበር። ደብተሩን ያወጣነው ታቦር ክፍለ ከተማ ተከራይተን ስንኖር ነው፤ ኪራዩ ሲጨመርብን ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ወጣ ብለን ቤት ያዝን። ቤተሰቡ ሲወጣ ደብተሩ ግን አልወጣም። መጀመሪያ መታየት ያለብን በተመዘገብንበት ጤና ጣቢያ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ከተማውን እያቋረጥን ስንመላለስ ከረምን፤ ዝውውሩን ቀደም ብዬ አለመጠየቄ የራሴ ጥፋት መሆኑንም አልክድም።

በዓመቱ ውስጥ አክስቴን ይዤ የሄድኩት 14 ጊዜ ነው። ከእነዚህ አንዱን፣ የጥር ወር ሰኞ የነበረውን፣ ዘርዘር አድርጌ ላስቀምጠው፤ የቀሩትም ከዚህ ብዙ የራቁ አልነበሩምና።

ለስኳር ምርመራ በባዶ ሆድ መሄድ ስለሚያስፈልግ አክስቴ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ቡና እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ። ከሰፈራችን እስከ አስፋልት አንድ ባጃጅ፣ ከአስፋልት እስከ ምናኸሪያ ሌላ ባጃጅ፣ ከምናኸሪያ እስከ ጤና ጣቢያው ደግሞ ሦስተኛ ባጃጅ ይያዛል። በሰው እየከፈሉ መሄዱ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሴት ሦስት ጊዜ መውጣትና መውረድ፣ በየመሃሉም ባጃጁ እስኪሞላ ፀሐይ ላይ መቆም፣ ራሱን የቻለ ሕመም ነው። ኮንትራት ከያዝን ደግሞ የአንድ ጉዞው ሒሳብ የሳምንት አትክልት ይገዛል። በዚያ ቀን ስንሄድ በሰው፣ ስንመለስ በኮንትራት ሆነ፤ ሹፌሩ «ማዘር፣ ቀስ ይበሉ» እያለ ደግፎ ቢያስገባቸውም ዋጋውን አልቀነሰም፤ ቤንዚን ለመቅዳት ሌሊት ተሰልፎ ማደሩን ነው የነገረን።

ካርድ ክፍል ስንደርስ ከፊታችን ሃያ የሚሆን ሰው ነበር። የመድን አባላት በሌላ መስኮት ስለሚስተናገዱ ብዙም አልቆየንም፤ ደብተሩን የተቀበለችን ልጅ ማህደሩን ከመደርደሪያው ለማውጣት አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። «የመድን ታካሚ እንደ እንጀራ ልጅ ነው የሚታየው» የሚል ወሬ ከብዙ ሰው ሰምቼ ነበር፤ በዚህ መስኮት ግን እኔ በበኩሌ አላየሁም። ግፊትና ክብደት በሚለካበት ክፍል ከጎናችን የተቀመጡት አዛውንት አማርኛ አይሰሙም ነበር፤ ሲስተሯ ወዲያው ወደ ሲዳምኛ ተሻግራ ጠየቀቻቸው፣ አሳቀቻቸውም፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞር ብላ «እማማ፣ የማታውን መድኃኒት ወስደዋል?» አለች። አክስቴም «ወስጃለሁ ልጄ፤ ያለቀብኝ ትናንት ማታ ነው» አሉ።

በተመላላሽ ክፍሉ ያገኘነው ጤና መኮንን በዚያ ጠዋት ስንት ሰው እንዳየ አላውቅም፤ በሩ ላይ የነበረው ሰልፍ ግን ኮሪደሩን ጨርሶ ወደ ግቢው ወጥቶ ነበር። ያም ሆኖ አክስቴን ጫማቸውን አስወልቆ፣ በርከክ ብሎ፣ በእግራቸው ጣቶች መካከል አንድ በአንድ አየ፤ ቁስል እንዳለ፣ መደንዘዝ እንዳለ ጠየቀ። ስኳር ላለበት ሰው የእግር ምርመራ የግድ መሆኑን የነገረንም እሱ ነው። ከዚህ በፊት በግል ክሊኒኮች ከፍዬ ባሳከምኳቸው ጊዜ ሁሉ እግራቸውን ያየ ሰው አልነበረም። ለዚህ ሰው ሥራ ከ5 ኮከብ 5 እሰጣለሁ፤ ከሱ ክፍል ስንወጣ ግን ኮከቡ መርገፍ ጀመረ።

ላቦራቶሪው የስኳሩን ሠራልን፤ ለኩላሊት የታዘዘው ምርመራ ግን «ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) አልቋል» ተባለ። ከዚያ መድኃኒት መስኮት ደረስን። የታዘዙት ሁለት ነበሩ፤ ለስኳሩ ሜትፎርሚን፣ ለግፊቱ አምሎዲፒን። ሜትፎርሚኑ ተሰጠን። በአምሎዲፒኑ ትይዩ የፋርማሲ ባለሙያዋ «የለም» የሚለውን ማህተም አሳረፈች፤ ቀለሙ ደብዝዞ አልነበብ ስላለ ከቀለሙ ስፖንጅ ላይ ጫን አድርጋ ደገመችው። አክስቴ በመስኮቱ አጎንብሰው «ልጄ፣ የማያልቅባችሁ ይሄ ማህተም ብቻ ነው እንዴ?» ቢሏት እየሳቀች «እማማ፣ እሱም ቀለም ጨርሷል» አለቻቸው። መድኃኒቱን ከግቢው ማዶ ካለ የግል መድኃኒት ቤት ገዛን። ከጤና ጣቢያው አጥር እስከዚያ ያለው ርቀት የአስፋልቱ ስፋት ብቻ ነው።

እንደ ሒሳብ ያዥ ሁሉንም በደብተር ጽፌዋለሁ። ከ14ቱ ጉዞ የታዘዘው መድኃኒት በሙሉ የተገኘው 6 ጊዜ ነው፤ 6 ጊዜ በከፊል፣ 2 ጊዜ ምንም አልተገኘም። ከውጭ የገዛነው መድኃኒት ድምር መዋጮውን በእጥፍ የበለጠ ሲሆን፣ የባጃጁ ሒሳብም ብቻውን መዋጮውን አልፎታል። በሌላ በኩል የካርዱ፣ የምርመራው፣ የተገኘው መድኃኒት፣ እንዲሁም ታናሹ ልጄ 3 ቀን ሆስፒታል ተኝቶ የታከመበት በገንዘብ ቢከፈል ኖሮ ከሁለቱም ድምር በላይ ይወጣ ነበር። «ያዋጣል» ያልኩት ይህን አስልቼ ነው። ያለ ልጄ መታመም ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ ለጥቂት ነበር የሚገጥመው።

አሁን መድኃኒቱ ለምን ይጠፋል ወደሚለው ልምጣ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ሰርቀውት ነው» ብሎ የሚያልፈው ነገር በአመዛኙ የገንዘብ አካሄድ ችግር ነው። ጤና ጣቢያ ገንዘብ የሚገባው በሁለት በር ነው። አንዱ በጀት ነው፤ ከፌዴራል መንግሥት በድጎማ ለክልል፣ ከክልሉም ለወረዳና ለከተማ አስተዳደር እየተከፋፈለ የሚወርደው፣ ከታች ሲደርስም አብዛኛው ለደመወዝ የሚውለው ነው። ሌላው የውስጥ ገቢ ነው፤ ተቋማቱ ከታካሚ የሰበሰቡትን ለራሳቸው እንዲያስቀሩና በቦርድ ውሳኔ መድኃኒት እንዲገዙበት ተፈቅዶላቸዋል። የመድን አባል ሲታከም ግን በመስኮቱ ገንዘብ አይከፍልም፤ ጤና ጣቢያው ያከመውን በሰነድ አደራጅቶ ለመድኑ ጽሕፈት ቤት ይጠይቃል፣ ጽሕፈት ቤቱም መርምሮ በየጊዜው ይተካለታል። በሱቅ ቋንቋ ስንናገረው ይህ ዱቤ ነው። ደንበኛው በብዛት የዱቤ የሆነበት ሱቅ፣ ዱቤው በወቅቱ ካልተሰበሰበ፣ ባለሱቁ የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። እኔ መዝገባቸውን ከምይዝላቸው ሱቆች አንዱ ባለፈው ዓመት የተዘጋው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ልዩነቱ ሱቁ መዘጋት መቻሉ ነው።

በዚህ ላይ የዋጋው ጉዳይ ይጨመራል። አገሪቱ ከምትጠቀመው መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በብር የሚገዛበት ዋጋ ወደ ላይ ሲወጣ የአባላቱ መዋጮ በዚያው ፍጥነት አልተከተለም፤ ይከተል ቢባልም ብዙ ቤተሰብ አይችለውም። ግዢውና ሥርጭቱ በዋናነት በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 553 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተብሎ በተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅርቦት አገልግሎት በሚባለው መሥሪያ ቤት በኩል ነው። ይህ መሥሪያ ቤት እዚሁ ሐዋሳ ቅርንጫፍ አለው። መጋዘን ያለባት ከተማ ነዋሪ ሆኖ ማህተም ይዞ መመለስ ለሰሚ ግራ ቢመስልም፣ መጋዘን መድኃኒት የሚያወጣው ለጠያቂ ሳይሆን ለከፋይ ነው፤ ስለዚህ የመድኑ ክፍያ የዘገየበት ጤና ጣቢያ ከመጋዘኑ አጥር ሥር ቢሆንም ያው ነው።

ስለ ባለሙያው እጥረት የተረዳሁት ቀን ሳይሆን ማታ ነው። በክረምት አንድ ሌሊት፣ ዝናቡ አላቋርጥ ባለበት፣ ታናሹ ልጄ ትንፋሽ አጥሮት ሮጠን ስንደርስ በተረኝነት ላይ የነበሩት አንድ ጤና መኮንንና ሁለት ነርሶች ነበሩ። አንደኛዋ ነርስ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ምጥ የያዛትን ሴት እየረዳች ስለነበር ለድንገተኛው የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ላቦራቶሪው ተዘግቷል። ኦክስጅን ሰጡት፣ መርፌ ወጉት፣ ሪፈር (ወደ ሆስፒታል የሚያስተላልፍ ወረቀት) ጻፉለት፤ ከዚያ በላይ የሚያደርጉት አልነበረም፣ አላጠፉምም። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቶ ስለነበር «እስኪመለስ ትጠብቃላችሁ ወይስ በራሳችሁ ትሄዳላችሁ?» ተባልን። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የተገኘው ባጃጅ የጠየቀንን ከፈልን፤ በፕላስቲክ መጋረጃው ቀዳዳ የሚገባውን ዝናብ ባለቤቴ በነጠላዋ እየከለለች ሆስፒታል ደረስን። ሪፈሩ በእጃችን ስለነበር ሆስፒታሉ ደብተሩን ያለ ክርክር ተቀበለው። (ይህን ልብ በሉልኝ፤ ከድንገተኛ በስተቀር ሪፈር ሳይዙ ሆስፒታል የሚሄዱ አባላት ከኪሳቸው ሲከፍሉ አይቻለሁ።)

ያን ሌሊት የነበሩት ሰዎች የዲዩቲ (የተረኝነት) ክፍያቸው በወቅቱ ይደርሳቸው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ መጠየቁም አይመችም ነበር። ነገር ግን በግንቦት 2017 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ይዘው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ሁሉም ያስታውሳል። በአንድ በኩል ተመርቀው ሥራ የሚጠብቁ ሐኪሞችና ነርሶች አሉ፤ በሌላ በኩል በአንድ ጤና ጣቢያ የሌሊቱን ድንገተኛ ሁለት ሰው ይሸከመዋል። ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «መደቡ አለ፣ በጀቱ የለም» የሚል ነው። መደብ በወረቀት ላይ ያለ ወንበር ነው፤ በጀት ካልተያዘለት የሚቀመጥበት ሰው አይኖርም። በሰው ኃይል ሪፖርት ላይ ግን ሁለቱ አንዳንዴ ተደባልቀው ይቀርባሉ፤ የአንባቢው ዓይን ካልሰላ ባዶው ወንበር እንደተሞላ ሆኖ ያልፋል።

በዚህ አስተያየት ውስጥ ምክር ቤትን ለምን እንደማነሣ የሚገርመው ሰው ይኖር ይሆናል። ለእኔ ግን የመድኑ ደብተር ሲሸጥልኝ አብሮ የተሸጠልኝ አንድ ሌላ አገልግሎት አለ፤ እሱም ከእኔ መዋጮና ከሕዝቡ ግብር የወጣው ገንዘብ የት እንደገባ በእኔ ስም የሚጠይቅልኝ ሰው መኖሩ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማህበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። በጀቱን የሚያጸድቀውም እሱ ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚያልቅ፣ ሰኔ ላይ የሚነሣው እጅ የሚቀጥለውን ዓመት መደርደሪያ ይወስናል። ስለዚህ ይህንንም አገልግሎት እንደ ተጠቃሚ ብገመግም የሚከፋ የለም ብዬ አምናለሁ።

የጤና ሚኒስቴር የ9 ወር አፈጻጸም ለምክር ቤቱ ሲቀርብ የመከታተል ልማድ አለኝ፤ ሒሳብ ከምሠራባቸው ሱቆች በአንዱ ቴሌቪዥን ስላለ ደረሰኝ እየደረደርኩ እሰማለሁ። ለአባላቱ ፍትሐዊ ልሁን፤ የመድኃኒት እጥረት፣ የአምቡላንስ እጥረት፣ ያልተከፈለ ዲዩቲ፣ ሥራ ያላገኙ ምሩቃን በየጊዜው ይነሣሉ። ችግሩ ጥያቄው የሚቀርብበት ቅርጽ ነው። አንድ አባል የራሱን የምርጫ ክልል ሁለት ሦስት ችግሮች በአንድ ትንፋሽ ይዘረዝራል፤ ሌላው ይከተላል፤ አሥራ አምስት ጥያቄ ከተጠራቀመ በኋላ መልሱ በአንድ ላይ ይሰጣል። መልሱም በመቶኛ ነው፤ የአባላት ሽፋን ይህን ያህል ደረሰ፣ ይህን ያህል ጤና ጣቢያ ተገነባ፣ ይህን ያህል አምቡላንስ ተገዛ። አንዱም ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ሆኖም አክስቴ በጥር ወር ሰኞ ቀን ለሪፖርቱ የተቆጠሩት እንደ ተሸፈነች አንዲት አባል ነው። የደብዛዛው ማህተም ነገር የተቆጠረበት አምድ የለም።

ሌላም ጣጣ አለ። የሐዋሳን ጤና ጣቢያ ነርስ ደመወዝ የሚከፍለው ሚኒስትሩ አይደለም። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ነው፤ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ፣ መደቡና በጀቱ በክልሉና በከተማ አስተዳደሩ እጅ ነው። በመሆኑም የፌዴራሉ ምክር ቤት አባል ሚኒስትሩን ስለ ዲዩቲ ሲጠይቅ «ክልሎች እንዲከፍሉ እየተነጋገርን ነው» የሚል መልስ ቢያገኝ ሊገርመው አይገባም። ይህንን በቁርጡ መጠየቅ የሚችሉት የክልሉ ምክር ቤትና የከተማው ምክር ቤት ናቸው። እነዚህ ግን ጉባኤያቸው አጭር ነው፤ ሪፖርት፣ በጀት፣ ሹመትና አዋጅ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ተጨናንቆ ያልፋል። የእኛ ሰፈር ሰው የፌዴራሉን ክርክር በቴሌቪዥን ሲከታተል የከተማውን ምክር ቤት አባል ስም አያውቅም፤ እኔም እስካለፈው ዓመት አላውቅም ነበር።

የተሻለ ሥራ የሚሠራው የት ነው ከተባልኩ የኦዲቱ በር ነው እላለሁ። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ሪፖርቱን ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴም መሥሪያ ቤቶችን አንድ በአንድ እየጠራ፣ ሰነድ ተይዞ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ሰዓታት ሲያስጨንቃቸው አይቻለሁ። እዚያ «አፈጻጸማችን ጥሩ ነው» የሚል ኃላፊ የግዢ ሰነዱን አውጣ ይባላል። በተለይ የክዋኔ ኦዲት የሚባለው፣ ገንዘቡ በደንቡ መውጣቱን አልፎ የታሰበለትን ውጤት ማምጣቱን የሚመረምረው፣ ለመድን አባል ከሁሉም ይቀርበዋል። በክልልም ዋና ኦዲተር አለ፤ ግኝቱ ግን እንደ ፌዴራሉ በአደባባይ ሲመረመር አይሰማም።

የምክር ቤት አባል ብሆን፣ ወይም አንዱ ወንበሩን ለአንድ ቀን ቢያውሰኝ፣ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ጤና ጣቢያው እያንዳንዱ መድኃኒት መቼ እንደገባና መቼ እንዳለቀ የሚመዘግብበት ቢን ካርድ አለው፤ አምሎዲፒን በዓመቱ ስንት ቀን ዜሮ ላይ እንደቆመ ከዚያ ካርድ በአሥር ደቂቃ ይወጣል። «የለም» የተባለባቸው የሐኪም ትእዛዞች ስንት እንደሆኑ ሊቆጠር ይችላል። የመድኑ ጽሕፈት ቤት ክፍያ በተጠየቀ በስንተኛው ቀን እንደተካ በሁለት ደረሰኞች ቀን መካከል ያለ ልዩነት ነው። የሌሊት ተረኛ ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ለእነዚህ ጥያቄዎች አዲስ ጥናት፣ አማካሪ፣ ወይም አዲስ የኮምፒውተር ሥርዓት አያስፈልግም፤ ወረቀቱ አለ፣ ያልተገኘው ወደ አዳራሹ ይዞት የሚገባ ሰው ነው።

ትራንስፖርቱን በተመለከተ ደግሞ ጠያቂ ጭራሹኑ የለም። ስለ አምቡላንስ የጤናው ቋሚ ኮሚቴ ይጠይቃል፤ ስለ መንገድና ስለ ታሪፍ የትራንስፖርቱ ይጠይቃል። ሕመምተኛው ከቤቱ እስከ ካርድ ክፍሉ በምን እንደሚሄድ ግን የሁለቱም ሥራ አይደለም። አምቡላንስ በተገቢው መንገድ ቅድሚያ የሚሰጠው ለወላድና ለድንገተኛ ነው፤ በየወሩ ለሚመላለስ የስኳር ሕመምተኛ አይላክም፣ ይላክ ብዬም አልከራከርም። ነገር ግን ከከተማው ዳር የሚነሣ የባጃጅ መስመር በጤና ጣቢያው በር ቢያልፍ፣ በሕጋዊው ታሪፍም ቢጭን፣ ወጪው ለአስተዳደሩ ከአንድ ስብሰባና ከአንድ የመስመር ምደባ ደብዳቤ አይበልጥም። በያኔው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሥር የነበሩ አገሮች በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከዓመታዊ በጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል፤ በአገራችን ተከታታይ የጤና ወጪ ጥናቶችም ከጠቅላላው ወጪ ሲሶ ገደማው ከቤተሰብ ኪስ እንደሚወጣ አሳይተዋል። የእኔን ዓመት ያከበደው ባጃጅ ግን በጤና በጀት ውስጥም፣ በመድኑ ጥቅል ውስጥም የለም።

ለማደስ ወይም አዲስ ለመግባት ለምታስቡ የምለው ይህ ነው። በቤታችሁ ክትትል የሚያስፈልገው ሰው ካለ ሳታቅማሙ ግቡ። ሁላችሁም ጤነኛ ከሆናችሁ ደግሞ የልጄን ሌሊት አስቡና ግቡ። ቤት ከቀየራችሁ የምትታከሙበትን ጤና ጣቢያ በእድሳት ጊዜ አስቀይሩ። «የለም» የተመታበትን ወረቀትና ከውጭ የገዛችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ፤ ለቅሬታም ለማስረጃም ሌላ የላችሁም። የጥርስ ሰው ሠራሽ መተኪያ፣ መነጽርና ከአገር ውጭ ሕክምና እንደማይሸፈን ቀድማችሁ እወቁ። በመስኮት ላይ ያለችውን ልጅ አትቆጧት፤ መደርደሪያውን ባዶ ያደረገችው እሷ አይደለችም።

እኛ ባለፈው ሐሙስ አድሰናል። ጸሐፊዋ «አክስትዎ ይቀጥላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «ይቀጥላሉ» አልኳት፣ ዝውውሩንም አብራ ሞላችልኝ፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በአንድ ባጃጅ የምንደርስበት ጤና ጣቢያ ነን። አሥራ አራቱንም ወረቀት፣ ማህተም ያለባቸውን ለይቼ፣ ከአንድ ገጽ ማጠቃለያ ጋር ለክፍለ ከተማችን የምክር ቤት ተወካይ አድርሻለሁ፤ «ከጉባኤው በፊት አነበዋለሁ» ብለውኛል። የአክስቴ ቀጠሮ የፊታችን ማክሰኞ ነው። በአዲሱ ጤና ጣቢያ አንድ የማውቀው ሰው ስላለ ደውዬ ጠይቄያለሁ፤ ሜትፎርሚን አለ፣ አምሎዲፒን ግን ጥያቄው ተልኮ እየተጠበቀ ነው ተብያለሁ።